ከባድ ዊንች በመኪና ፊት ላይ መግጠም፤ ከሻንሲው እስከ ገመዱ ጫፍ

በአንድ የክረምት ከሰዓት በኋላ፣ ከወረታ ወደ ጣና ሐይቅ በሚያወርድ የፎገራ የገጠር መንገድ ላይ ዊንቼን፣ ማለትም ገመድ እየጠቀለለ የተያዘ መኪና የሚያወጣውን የኤሌክትሪክ መጎተቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነተኛ ጭቃ ሞከርኩት። መኪናው በዋልካ ውስጥ እስከ አክሱሉ ሰምጧል። ገመዱን ከአንድ ትልቅ ዋርካ ግንድ ጋር አሰርኩና መቆጣጠሪያውን ተጫንኩ። ገመዱ ተወጠረ፤ አንድ ነገር ጮኸ፤ መኪናው ካለበት ንቅንቅ ሳይል ፓራውልቱ ብቻውን ወደ ዋርካው ጉዞ ጀመረ። ዊንቹ ምንም አልሆነም። የተቀደደው በያጁ «ይበቃዋል» ብሎ ከፋብሪካው ፓራውልት ጋር ያጣበቀው ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ አልጥልም፤ ለዊንቹ ገንዘብ ሳልሰስት ለማሰሪያው የሰሰትኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ ዊንቹ አይደለም፤ ዊንቹ የሚጎትተው ኃይል በምን መንገድ አልፎ ወደ ሻንሲው፣ ወደ መኪናው የብረት አጽም፣ እንደሚደርስ ነው። ገመዱ የተጠቀለለበትን ከበሮ ይጎትታል፤ ከበሮው የዊንቹን እግሮች፣ እግሮቹ አራት ቡሎኖችን፣ ቡሎኖቹ መቀመጫ ብረቱን፣ መቀመጫው ደግሞ ሻንሲውን። ከእነዚህ መካከል አንዱ ደካማ ከሆነ የሌሎቹ ጥንካሬ ምንም አያደርግልዎትም።

ከመግዛት በፊት

የዊንች አቅም የሚመረጠው በባዶ መኪና ክብደት ሳይሆን ሙሉ ጭነት በያዘ መኪና ክብደት ነው። የተለመደው ስሌት ያንን ክብደት በአንድ ተኩል ማባዛት ነው። የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,300 ኪሎ ግራም የሆነ ፒክአፕ ላንድክሩዘር ቢኖርዎት 4,950 ኪሎ ግራም የሚጎትት ዊንች ያስፈልግዎታል ማለት ነው። ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው በፓውንድ የተጻፉ ናቸው፤ 9,500 ፓውንድ የሚለው 4,309 ኪሎ ግራም፣ 12,000 ፓውንድ የሚለው ደግሞ 5,443 ኪሎ ግራም ነው። ለዚህ መኪና የሚሆነው ሁለተኛው ነው። የፎገራን ወይም የደምቢያን ዋልካ በሐምሌ ያየ ሰው ይህ አንድ ተኩል ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ያ አፈር ጎማውን ይዞ ይመጥጣል እንጂ ዝም ብሎ አይለቅም።

በዊንቹ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሠራው ገመዱ ከበሮው ላይ አንድ ንብርብር ብቻ ሲቀር ነው። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር ከበሮው ይወፍራል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። አራተኛው ንብርብር ላይ ሲደርስ ከአቅሙ ሠላሳ በመቶ ገደማ ያጣል። ቅርብ ዛፍ ላይ አስሮ አጭር ገመድ አውጥቶ «ይህ ዊንች ውሸታም ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያማረረው በራሱ አሠራር ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ቮልቱ ነው። የቆዩ ላንድክሩዘሮች አንዳንዶቹ 12፣ አንዳንዶቹ 24 ቮልት ናቸው። ሁለት ባትሪ ስላለው ብቻ 24 ነው ማለት አይቻልም፤ ሁለቱ ባትሪዎች ጎን ለጎን ተያይዘው 12 ሊሰጡም ይችላሉ። በቮልት መለኪያ ይለኩ። የ12 ቮልት ዊንች በ24 ቮልት ላይ ቢያያዝ ሞተሩ ይቃጠላል።

ገመዱ ብረት ይሁን ወይስ ሰው ሠራሽ? እኔ ለባሕር ዳር አካባቢ ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ። የብረቱ ካቦ ከባድ ነው፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል፤ የተሰበጠረ ክሩ እጅ ይወጋል። ሰው ሠራሹ ቀላል ነው፤ ውኃ ላይም ይንሳፈፋል፤ በሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድክመቱ ፀሐይና አሸዋ ናቸው። ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በክሮቹ መካከል የገባ አሸዋ ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ዊንቹ ላይ የሸራ ሽፋን ያድርጉ፤ ገመዱንም ያጥቡት። ድንጋይ በሚበዛበት ቦታ ለሚሠራ ሰው ግን ብረቱ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ከሌሎች ጋር መከራከር አልፈልግም።

አንድ ነገር ግን የማያከራክር ነው። ሰው ሠራሽ ገመድ ለስላሳ የአሉሚኒየም ገመድ ማውጫ (ገመዱ ከዊንቹ ፊት ሲወጣ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ይፈልጋል። የብረት ገመድ ሲያልፍበት የኖረ፣ ጠርዙ የተፋቀ ባለ ሮለር ማውጫ ላይ ቢያሳልፉት በሁለት ጉተታ ይቆረጣል።

ማሰሪያው

ሦስት ምርጫዎች አሉ። ከፋብሪካ ለዚያው መኪና ዓይነት የተሠራ የዊንች ቦታ ያለው የብረት ፓራውልት መግዛት፤ ከፋብሪካው ፓራውልት በስተጀርባ ተደብቆ ሻንሲው ላይ የሚታሰር መቀመጫ መግዛት፤ ወይም በአገር ውስጥ ማሠራት። የመጀመሪያው ውድና ጥሩ ነው። መኪናዎ ኤርባግ ካለው ሌላ አማራጭ ባይፈልጉ ይመከራል፤ ምክንያቱም የፊት ፓራውልቱ አወቃቀር ኤርባጉ መቼ እንደሚፈነዳ ይወስናል።

ማሠራት ግድ ከሆነ በያጁን በጥንቃቄ ይምረጡ። በከተማችን በርና መስኮት የሚሠሩ በያጆች እጃቸው ድንቅ ነው፤ በር ግን አምስት ቶን አይጎትትም። የጭነት መኪና ሻንሲና የተሳቢ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ፤ ሲያገኙትም የሚከተሉትን ይንገሩት።

መቀመጫው ብረት ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ከመቀመጫው ወደ ሻንሲው የሚሄዱት ሁለት ክንዶች ከዚያም የወፈሩ፣ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ይሁኑ። በክንዱና በመቀመጫው ማእዘን ላይ ባለ ሦስት ማእዘን ድጋፍ ይበየድ። ብየዳው በሁለቱም ወገን ያልተቋረጠ ይሁን፤ ነጠብጣብ ብየዳ ለማስያዣ እንጂ ለመጎተቻ አይሆንም። ይህ ሁሉ ግን መኪናው ላይ ሆኖ አይበየድም። መጀመሪያ በካርቶን ልክ ይቁረጡ፤ ካርቶኑን መኪናው ላይ ይሞክሩ፤ ከዚያ ብረቱ ይቆረጥ፤ በሥራ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተበይዶ ያልቅና መኪናው ላይ በቡሎን ይታሰር። ሻንሲ ላይ መበየድ ብረቱን በሙቀት ያዳክማል። በሆነ ምክንያት መኪናው አጠገብ ወይም ላይ መበየድ ቢያስፈልግ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ የሞተር ኮምፒውተር ያለው መኪና ከሆነ የኮምፒውተሩም ሶኬት ይነቀል።

በተቻለ መጠን የፋብሪካውን ቀዳዳዎች ይጠቀሙ። አዲስ መብሳት ካስፈለገ የሻንሲውን የላይና የታች ገጽ አይንኩ፤ በጎኑ በኩል ይብሱ። ሻንሲው እንደ ሳጥን ባዶ ስለሆነ ረጅም ቡሎን አሳልፈው ሲያጠብቁት ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ። ለዚህ ሲባል በውስጡ ልኩ የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ ይገባል፤ ቡሎኑ በቱቦው ውስጥ ያልፋል። ይህችን ቱቦ የሚዘነጋ ሰው ቡሎኑ በየወሩ ለምን እንደሚላላ አይገባውም። የተበሳውን ጠርዝ አንቲሩጂኒ (ዝገት የሚከላከል ቀለም) ሳይቀቡ አይዝጉት።

ቡሎኖቹ በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ ሦስት፣ 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ ይሁኑ። የቡሎኑን ራስ ይመልከቱ፤ ጥንካሬውን የሚያሳይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ካልተቀረጸበት አይግዙ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሻጩም ጭምር። ሰፊ ሮንዴላና ናይሎን ያለው ዳዶ ይጠቀሙ። ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ 8.8 ቡሎን በ80 ኒውተን ሜትር (የጥብቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይጠበቃል። የጥብቀት መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለዎት ከጋራዥ ይዋሱ። በቡሶላ ላይ ቱቦ አስረዝሞ «እስኪያለቅስ ማጥበቅ» ቡሎኑን ከመጀመሪያው ቀን ያስረዝመዋል።

ዊንቹን ማስቀመጥ

የአብዛኞቹ የዚህ መጠን ዊንቾች እግር ቀዳዳዎች በወርድ 254፣ በቁመት 114.3 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። መቀመጫው ከመበሳቱ በፊት ግን የራስዎን ዊንች በእጅዎ ይለኩት።

እግሮቹ ወደ ታች ወይም ወደ ፊት ሊሆኑ ይችላሉ። እግሮቹ ወደ ፊት ሲሆኑ ገመዱ ሲጎተት ዊንቹ ራሱ ወደ መቀመጫው ብረት ይጫናል፤ ቡሎኖቹ ዕረፍት ያገኛሉ። እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ግን ኃይሉ ሁሉ ቡሎኖቹን በጎን ለመቁረጥ ይሞክራል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ ምርጫ ካለ የመጀመሪያው ይሻላል። በየትኛውም ቢሆን ገመዱ ከከበሮው በታች በኩል ይውጣ፤ ከላይ እንዲወጣ ተደርጎ ቢጠቀለል የብዙ ዊንቾች ፍሬን በተሳሳተ አቅጣጫ ይሠራል፤ ጭነትም አይዝም።

ዊንቹ አርባ ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ብቻዎን አያንሱት። በክሪክና በእንጨት ከፍ አድርገው ቀዳዳዎቹን ያስተካክሉና አራቱንም ቡሎኖች በጣት ያስገቡ። አራቱም ሳይገቡ አንዱንም አያጥብቁ። የቡሎኑ ርዝመት እዚህ ላይ ወጥመድ ነው። ዳዶው በዊንቹ እግር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቀመጥ ረጅም ቡሎን መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ቁልፉ የጠበቀ ይመስለዋል፤ ዊንቹ ግን ላልቷል። ቡሎኑ ከቆመ በኋላ ዊንቹን በእጅዎ ያንቀሳቅሱት። ጥብቀቱን መመሪያው እንደሚለው ያድርጉ፤ ለባለ 10 ሚሊ ሜትር ብዙ ጊዜ 45 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው።

ሁሉንም ከማጥበቅዎ በፊት የዊንቹን ክላች፣ ማለትም ከበሮውን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን፣ እጀታ ያዙሩት። ፓራውልቱ እጅዎን የሚከለክል ከሆነ በጭቃ ውስጥ በጓንት ጭራሽ አይዞርም። የሰሌዳ ቁጥሩም እንዳይሸፈን ይመልከቱ፤ ገመዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ መስቀል ስህተት ነው። የራዲያተሩም ነገር አለ። ዊንቹና መቆጣጠሪያ ሳጥኑ የፊቱን መግቢያ በሙሉ ከዘጉት በባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅዎትም፤ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣውን ዳገት ሲጀምሩ የሙቀት መለኪያው ያስታውስዎታል። መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ወደ ጎን ወይም ወደ ኮፈኑ ውስጥ ያዛውሩት።

ኤሌክትሪኩ

ሙሉ ጭነት የሚጎትት የ12 ቮልት ዊንች ከ400 አምፔር በላይ ይስባል። የመኪናው የራሱ ማመንጫ ከዚህ ሩቡን እንኳን ላይሰጥ ይችላል፤ የቀረው ከባትሪው ይወጣል። ይህን የሚሸከም ሽቦ የመብራት ሽቦ አይደለም። ርቀቱ ከሁለት ሜትር ካልበለጠ 35 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ 50 ያድርጉት። ውጪው ወፍራም ሆኖ ውስጡ ቀጭን የሆነ ሽቦ ስላለ ሲገዙ ጫፉን ቆርጠው ይመልከቱ።

ኔጋቲቩን በሻንሲው አይመልሱት፤ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይሂድ። በዝገትና በቀለም የተሸፈነ ሻንሲ ለዚህ ያህል ኤሌክትሪክ መንገድ አይሆንም። በፖዘቲቩ ላይ ደግሞ ከባትሪው አጠገብ በእጅ የሚዞር ማቋረጫ ይግጠሙ። ዊንቹ በማይሠራበት ጊዜ ይዘጋል፤ ሶሌኖይዱ (ኤሌክትሪኩን ወደ ዊንቹ የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ተጣብቆ ዊንቹ አልቆም ሲልም ብቸኛው መዳኛ እሱ ነው። እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ሽቦዎቹ ከማርሚታው፣ ከራዲያተሩ ማራገቢያና ከሹል ጠርዝ ርቀው፣ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆነው ይሂዱ። ላሜራ በስተው በሚያልፉበት ቀዳዳ ላይ የላስቲክ ቀለበት ይኑር። በየሃያ ሴንቲ ሜትሩ ይታሰሩ። ተርሚናሎቹ በትክክለኛ መጭመቂያ ይጨመቁ እንጂ በመዶሻ አይደብደቡ፤ ከዚያ በኋላ ናስትሮ ሳይሆን በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ያልብሷቸው።

የዊንቹ ሞተር ተርሚናሎች ብዙ ጊዜ ኤ፣ ኤፍ 1 እና ኤፍ 2 የሚል ምልክት አላቸው፤ ከመቆጣጠሪያው የሚመጡት ሽቦዎችም በቀለም ተለይተዋል። እዚህ ላይ የሚፈጠረው የተለመደ ስህተት ይህ ነው፦ የውጪው ዳዶ ሲጠብቅ የውስጡ ካልተያዘ ቡሎኑ ራሱ ይዞራል፤ በሞተሩ ውስጥ ያለው ሽቦ ተጠማዞ ይቆረጣል። ሁለት ቁልፍ ይያዙ፤ አንዱ ውስጡን ይይዛል፣ ሌላው ውጪውን ያጠብቃል። አዲስ ሞተር በዚህ መንገድ ሲሞት አይቻለሁ፤ ባለቤቱም «ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነው» ብሎ ሊመልሰው ሲሟገት ነበር።

ባትሪውን ሲነቅሉ መጀመሪያ ኔጋቲቩን፣ ሲያያይዙ መጨረሻ ኔጋቲቩን። ሁሉም ሲያልቅ የዊንቹን ክላች አያይዘው መቆጣጠሪያውን ለአንድ ሰከንድ ይጫኑ። «ማስገቢያ» ሲሉት ገመድ የሚያወጣ ከሆነ ሁለቱ የሞተር ሽቦዎች ተለዋውጠዋል።

ገመዱን መጠቅለል

የገመዱ ጫፍ ከበሮው ላይ የሚያዝበት ትንሽ ቡሎን ምንም ጭነት አይሸከምም፤ ጭነቱን የሚይዘው ከበሮው ላይ የቀረው ጥቅልል ነው። ለብረት ቢያንስ አምስት፣ ለሰው ሠራሽ ስምንት እስከ አሥር ዙር ሁልጊዜ ይቀራል። አሥረኛውን ዙር በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉ፤ ቀዩ ሲታይ ማውጣት ይቁም።

አዲስ ገመድ ላልቶ ከተጠቀለለ በመጀመሪያው ከባድ ጉተታ የላይኛው ዙር በታችኞቹ መካከል ሰርጎ ይቀረቀራል። ስለዚህ በጭነት ይጠቀለላል። እኔ ይህን የምሠራው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጠዋት፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት ነው። ገመዱን ቀይ ምልክቱ እስኪታይ አውጥቼ ጫፉን ከላይ ካለ ጽኑ ነገር ጋር አስራለሁ፤ ጓደኛዬ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ማርሹን ነጻ ያደርግና ፍሬኑን በቀስታ ይረግጣል፤ መኪናው ራሱን ወደ ዳገቱ እየጎተተ ገመዱ ጠብቆ ይጠቀለላል። የመኪናው ሞተር እየሠራ ይሁን። ከሁለት ሜትር በኋላ ይቁሙ፤ ዙሮቹ ጎን ለጎን መተኛታቸውን ይዩ፤ ካልተኙ አውጥተው ይድገሙት። የቆዳ ጓንት ያድርጉ። እጅዎ ከማውጫው አንድ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ እንዳይደርስ።

የመጀመሪያው ጉተታ

መኪናው ከከባድ ሥራ በፊት አንድ ቀላል ጉተታ ይሠራ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ቡሎኖች እንደገና ይፈተሹ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ድጋሚ። እያንዳንዱ ዳዶና ብረት ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር ቢያሰምሩ መላላቱ በዓይን ይታያል።

የፊት ክብደት ስለጨመረ መኪናው ይጎነበሳል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከተገጠመ በኋላም ይለኩ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከወረደ ባሌስትራው ወይም ሞላው ይጠናከር፤ የፊት መብራቱም ወደ ታች ዝቅ ብሎ ስለሚበራ ይስተካከል።

በሚጎትቱበት ጊዜ የመኪናውን ሞተር ከፍ ባለ ዙር ያሠሩ፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይጎትቱና ዊንቹን ያሳርፉት፤ በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ረዘም ያለ ዕረፍት ይስጡት። በገመዱ መሐል ላይ ከባድ ሸራ ወይም ጋቢ ይጣሉ፤ ቢበጠስ ገመዱን ወደ መሬት ይጎትተዋል። የኛ አገር ችግር ግን ሌላ ነው። መኪና ጭቃ ውስጥ ሲገባ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ሃያ ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ገመዱን ለመያዝ የሚሽቀዳደሙም አሉ። ከመካከላቸው ትልቁን መርጠው «ሌሎቹን ከዚያ ዛፍ ወዲያ ያዝልኝ» ይበሉት፤ ኃላፊነት ሲሰጠው ከእርስዎ በላይ ይጮኻል። ልጆቹ ከወጣው ገመድ ርዝመት አንድ ተኩል ያህል ይራቁ።

ማሰሪያ ዛፍ ሲፈልጉ ወጣት ባሕር ዛፍ አያታልልዎት፤ በለሰለሰ ዋልካ ውስጥ ከነሥሩ ይነቀላል። ዋርካና ሾላ ይሻላሉ፤ በግንዱ ዝቅተኛ ክፍል ላይ ሰፊ ቀበቶ ያስሩ፤ ገመዱን ራሱን ግንዱ ላይ አያዙሩት። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ከሆነ ሳያስፈቅዱ አይንኩ። አንድ ጊዜ በደራ አካባቢ ጓሯቸው ውስጥ የቆሙትን አዛውንት «አባባ፣ ከሾላው ላይ ገመድ ልሰር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ወደ መኪናው፣ ወደ ዊንቹ፣ ወደ ዛፉ ተራ በተራ ተመለከቱና «እሰር ልጄ፤ ብቻ ስትሄድ ልጡን ይዘህብኝ እንዳትሄድ» አሉኝ። ሰፊውን ቀበቶ የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ቀን በድርብ ጆንያ ሸፍኜ አሰርኩ።

ከጭቃ ሲመለሱ ሰው ሠራሹን ገመድ ሙሉ በሙሉ አውጥተው በንጹህ ውኃ፣ ያለ ሳሙና ያጥቡት። የሐይቁን ዳር አረምና ደንገል ክር ከማውጫው ላይ በእጅ ይልቀሙ። ጥላ ውስጥ ዘርግተው ያድርቁት፤ ሲደርቅ እንደገና በጭነት ይጠቅልሉት። የመቆጣጠሪያውን ሶኬት ክፍት አይተዉት፤ ክዳኑ ከጠፋ ሌላ እስኪገኝ ድረስ በላስቲክ አስረው ይሸፍኑት።